የአህያዋ መጽሐፍ ደራሲ

ለልጆች የሚጽፉ ሦስት ደራሲዎች ከአዲስ አበባ ጎንደር የመጡበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው ሁሉ በደስታ ያነሣዋል። እኔም አስታውሰዋለሁ። በሲኒማ ቤቱ በር ላይ አበባ ይዘው እንግዶቹን ከተቀበሉት አስተማሪዎች አንዷ ነበርኩ። የጽጌረዳው እሾህ በደንብ አልተላጠም ነበርና ጣቴን ወግቶኝ ደሙን በነጠላዬ ጫፍ ስጠርግ ነበር። ብዙ ዓመት ሰው ስለዚያ ቀን ሲያወራ ራሴን እየነቀነቅሁ ሰምቻለሁ። አሁን ግን መነቅነቁ ሰለቸኝ። ሊቀየሙኝ ይችሉ ከነበሩት ሰዎች አብዛኞቹ አልፈዋል፤ የቀሩትም ቢቀየሙኝ ግድ የለኝም።

ነገሩ የተጀመረው በንባብ መጽሐፍ ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በተከፈተ ትምህርት ቤት የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ነበርኩ። የምናስተምርበትን የንባብ መጽሐፍ ማን እንዳዘጋጀው እንጃ፤ ባቡር፣ መርከብ፣ አሸዋ ላይ የሚጫወቱ ልጆች፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር ነበር የሞላበት። ከኔ ልጆች ግማሾቹ ከድብ ባሕርና ከጭልጋ መንገድ መጥተው ዘመድ ቤት ተጠግተው የሚማሩ ነበሩ። ባቡር ቢሏቸው ምን ይገባቸዋል? አፋቸው ያነባል፣ ዓይናቸው መስኮቱን ያያል። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። አንድ ቀን መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ፣ ማክሰኝት ገበያ ላይ ስለጠፋች አንዲት አህያ ከራሴ ፈጥሬ አወራሁላቸው።

ባለቤትዋ ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጅም ዘመድም የሌለው፣ ብቻውን የሚኖር ሰው ነው። ጤፉን ሽጦ ዞር ሲል አህያዋ የለችም። እሱ ሦስት ቀን ሙሉ ገበያውን ሲያስስ፣ እሷ ያገኘችውን ፍጥረት ሁሉ መንገድ እየጠየቀች ቤቷ ገብታ ደጃፉ ላይ ትጠብቀዋለች። በሦስተኛው ቀን እያለቀሰ ሲመለስ ከሩቅ አየችውና «ምነው ቆየህ?» ትለዋለች። ይኸው ነው። ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። በማግስቱ ገና ስገባ፣ «እትየ፣ ሌላ» አሉኝ።

ዓመቱ ሲያልቅ ተረቶቹ ሰባት ሆኑ። ከትምህርት መልስ አንድ ደብተር ላይ እያሳመርኩ ጻፍኳቸው። በደብተሩ ልባስ ላይ «የአህያዋ መንገድና ሌሎች ተረቶች» አልኩና ከሥሩ ስሜን ጻፍኩ። ደመቅ አድርጌ፣ ሁለት ጊዜ ደጋግሜ ነው የጻፍኩት። ሴት ልጅ፣ ያውም የቁም ጸሐፊ ልጅ፣ ስሟን መጽሐፍ ላይ ለማየት መጓጓቷ ያኔ እንደ ድፍረት ይቆጠር ነበር። እኔ ግን ጓጉቼ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ የተመኘሁት ሌላ ነገር የለም።

የትምህርት ቤታችን የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ አንድ ፊታውራሪ ነበር። ያኔ ፊት ለፊት «እርስዎ» ነበር የምለው፤ እዚህ «እሱ» ብዬ ብጽፍ ግን የሚከሰኝ የለም። መሬት ያለው፣ በደጉ ቀን እጁ የሚፈታ ሰው ነበር። የሁለት ክፍል ጣሪያ ቆርቆሮ አልብሶልናል። ዳይሬክተሩ ስለ ተረቶቹ ሲነግረው፣ ለልጆች ከሆነ አሳትማለሁ አለ። አባቶቹ ዳዊትና ተአምረ ማርያም እያጻፉ ለደብር ይሰጡ ነበርና፣ ለትምህርት ቤት መጽሐፍ መስጠት ለሱም የዚያው ዓይነት በጎ ሥራ መስሎት ነበር። ደብተሩን ግን ገልጦ አላየውም።

አታሚዎቹ አሥመራ ነበሩ። ፊደል ለቃሚዎቹ እንዳይሳሳቱ ተረቱ በጥሩ እጅ ይገልበጥ ተባለ። በጎንደር ጥሩ እጅ ከተባለ ደግሞ አባቴ ነበሩ።

አባየ ከከተማው አድባራት ባንዱ ያደጉ ቁም ጸሐፊ ናቸው። ከደባርቅ እስከ ጭልጋ ያለ ካህን «ይህ የማን እጅ ነው?» ብሎ ሳይጠይቅ ጽሑፋቸውን ያውቀዋል። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ብራና ላይ አጎንብሰው ነው። ያን ጊዜ ዓይናቸው እየደከመ፣ ሥራም እየራቃቸው ነበር፤ አገሩ ሁሉ የታተመ መጽሐፍ መግዛት ጀምሮ ነበርና ማን ያጽፋል? ደብተሬን ስሰጣቸው ደስታቸው አሳዘነኝ። ወረቀት ላይ ሲጽፉ የመጀመሪያቸው ነበር። ብርዓቸው ወረቀቱን እየቧጨረባቸው ሲማረሩ ቆይተው፣ ቀስ በቀስ ለመዱት። አህያዋ ጋ ሲደርሱ ብቻቸውን ሲስቁ ከጓዳ ሰማኋቸው። «ይች አህያ ሸጋ ናት» አሉኝ። ከአባቴ አፍ ለሥራዬ የሰማሁት ምስጋና እሱ ነው።

ከዚያ ክረምት ገባና ለአስተማሪዎች ኮርስ ደብረ ታቦር ሄድኩ። የተበላሸው እኔ እዚያ ሳለሁ ነው።

የቁም ጽሕፈት ሥርዓቱ እንዲህ ነው። መጽሐፍ ሲያልቅ ጸሐፊው በገዛ እጁ ለአጻፊው ያስረክባል። ከመጀመሪያው ገጽ ላይ በቀይ ቀለም የሚጻፈው የአጻፊው ስም ነው፤ ቆዳውን የገዛ፣ ጸሐፊውን ያበላ፣ ለነፍሱ ብሎ ያጻፈ እሱ ነውና። የጸሐፊው ስም ቢጻፍ ከመጨረሻው ላይ በአንዲት መስመር ነው፤ እሱም የሚጻፈው ኃጥእ ነኝና ጸልዩልኝ ለማለት ነው። አባየ የራሳቸውን ስም የጻፉበት መጽሐፍ እንዳለ አላውቅም። ስለዚህ የኔን ተረቶች ጨርሰው፣ እንደ ልማዳቸው ከፊት የፊታውራሪውን ስም ከነማዕርጉ በቀይ ጻፉ። በደብተሬ ልባስ ላይ ያለውን ስሜን አይተውታል። ግን ደብተር ላይ የሚጻፍ ስም የደብተሩ ባለቤት ስም ነው፤ የተማሪ ሁሉ ደብተር እንደዚያ ነው። ተሸክመው ወስደው አስረከቡ። ፊታውራሪው ጋቢ አለበሳቸው።

አሥመራ ያሉት ለቃሚዎች ደግሞ በቀይ የተጻፈውን ስም ሲያዩ ደራሲው እሱ ነው አሉ። ምን ያድርጉ? መጽሐፉ በጭነት ማኪና በሣጥን ሆኖ መጣ፤ ልባሱ ላይ አንዲት አህያ፣ ከአህያዋ ሥር «ደራሲ» የሚል ቃል፣ ከዚያ የፊታውራሪው ስም። እኔ የትም የለሁም። አገላበጥኩት፣ ከፊትም ከኋላም ፈለግሁ። ሣጥኑ አጠገብ ቁጭ ብዬ ሰባቱንም ተረቶች አነበብኩ፤ አንድ ቃል አልተለወጠም።

ለአባየ አልነገርኳቸውም። አንዱን መጽሐፍ ይዤ ስገባ ወደ ብርሃን ጠጋ አድርገው የኅትመቱን ፊደል እግረ ሰባራ ነው እያሉ ሲያንጓጥጡ ደስታቸው ወደር አልነበረውም። የመጨረሻ ሥራቸው እንደሆነ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። በዚያ ሰዓት ጥፋትዎን ይዩ ብዬ እንዴት ልንገራቸው? ለዳይሬክተሩ ስነግረው ግንባሩን አሸት አሸት አደረገና በሁለተኛው ኅትመት ይታረማል አለኝ። ሁለተኛ ኅትመት እንደማይኖር እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

የደራሲዎቹ መምጣት የተሰማው በዓመቱ ነው። ለልጆችና ለወጣቶች መጽሐፍ የሚጽፉ ሰዎች ከአዲስ አበባ መጥተው በሲኒማ ቤቱ አዳራሽ ያነባሉ፣ ልጆችም ይጠይቋቸዋል ተባለ። ከተማው ጉድ አለ። ደራሲ ማለት ለኛ የሞተ ሰው ነበር፤ በሕይወት ያለ፣ ካልሲ የሚያደርግ ደራሲ ያየ ልጅ አልነበረም። ዳይሬክተሩ አስተማሪዎቹን ሰብስቦ፣ ከእንግዶቹ ጋር የከተማችንም የልጆች ደራሲ መድረክ ላይ ይቀመጣሉ አለን። ፊታውራሪውን ማለቱ ነበር። ይህን ሲል እኔን አላየኝም።

በሳምንቱ ፊታውራሪው ቤት ሄድኩ። በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። እንደ ለማኝ ቆሜ ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። አልተቆጣም፤ እንዲያውም ወንበር አስመጣልኝ። መጽሐፉ የሱ ነው ሲባል እንደ ሌላው ያጻፈው መጽሐፍ ሁሉ መስሎት እንደነበር ነገረኝ፤ ይህን ሲል የዋሸ አልመሰለኝም። ያን ቀን ሰው ሁሉ ባለበት ስሜን ቢያነሣልኝ ሌላ ነገር እንደማልፈልግ ነገርኩት። ልባሱ ይቅር፣ አንድ ጊዜ በአፉ ይጥራኝ።

«ይነሣል፣ ልጄ» አለኝ። «ለሥራው እኔ ራሴ እመሰክራለሁ።»

ከዚያ ቤት ስወጣ መሬት አልረገጥኩም። አዲስ ነጠላ አወጣሁ። አባየን ከፊት ወንበር ላይ እንዲያስቀምጧቸው አስነገርኩ። ያን ጊዜ ሦስተኛ ክፍል ያስተማርኳቸውን ልጆች ደግሞ ሰብስቤ አስጠነቀቅኋቸው። ተረቱን ከኔ አፍ ከሰሙ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ ማን እንደፈጠረው ያውቃሉ። ፊታውራሪው ራሱ ስሜን በክብር ከሚጠራልኝ በፊት አንዱ ዘሎ እንዳያበላሽብኝ ፈርቼ፣ ስለ መጽሐፉ ደራሲ አፉን የከፈተ ልጅ አንድ ሳምንት ይንበረከካል አልኳቸው። የገዛ ምስክሮቼን አፍ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ይህን ለማንም አላሳብብም።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ልጆቹ መሬት ላይ፣ ትልልቆቹ ወንበር ላይ። ከእንግዶቹ አንዱ ወፍራምና ሳቂታ ነበር፤ ስለ አውሬ ነው የሚጽፈው፤ ጅብ ሆኖ ሲጮህ ትንንሾቹ ተቃቀፉ። ሁለተኛው ጥቁር መነጽሩን ሳያወልቅ ለወጣቶች ስለ ሥነ ምግባር የጻፈውን ረጅም ነገር አነበበ፤ ወጣቶቹ እንቅልፋቸው መጣ። ሦስተኛዋ ሴት ነበረች። ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት። ለደረሱ ልጃገረዶች ነው የምትጽፈው። ሳትፈልግ ስለምትዳር ልጅ ሁለት ገጽ አነበበች፣ አዳራሹ ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። ሴት ደራሲ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ቀናሁባት። እንደዚያ ቀን በሰው ቀንቼ አላውቅም፤ ግን የቀናሁት ወንበሯ አጠገብ ቦታ አለኝ ብዬ ስለነበር ብዙም አልመረረኝም።

በመጨረሻ ፊታውራሪው ካባውን ሰብስቦ ተነሣ። አጭር ንግግር ነበር። ልጆች እንዲማሩ መከረ፣ እንግዶቹን አመሰገነ። ከዚያ መጽሐፉን ከፍ አድርጎ ያዘና፣ ይህ መጽሐፍ ያለ አንድ ሰው ድካም ለዚህ አይበቃም ነበር፣ ያ ሰው ዛሬ እዚህ መካከላችን አሉ አለ። ነጠላዬን አስተካከልኩ። «አሉ» ብሎ ማክበሩ ራሱ አሳፈረኝ። አጠገቤ የቆመችው አስተማሪ ክንዴን ጨበጠችኝ።

የአባቴን ስም ጠራ።

አባየ ከፊት ወንበር በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ። ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። አዳራሹ ጭብጨባውን አቀለጠው፤ እኔም አጨበጨብኩ። ፊታውራሪው ወደ እኔ ዞር ብሎ ራሱን ነቀነቀልኝ። ቃሉን የጠበቀ መስሎታል። በሱ ቤት ለመጽሐፍ የሚመሰገን ሰው ያጻፈውና የጻፈው ነው፤ ያጻፈው እሱ ነው፣ የጻፈው አባቴ ናቸው፣ ታዲያ ሌላ ማን ቀረ? በረንዳው ላይ ቆሜ ያወራሁት ሁሉ ስለ አባቴ ድካም መስሎት ኖሯል ወይስ አውቆ ነው፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ሁለቱም ለኔ ያው ነው።

የልጆች ጥያቄ ተጀመረ። ከነዚያ ካስተማርኳቸው ልጆች አንዲት ቀጭን የጭልጋ ልጅ እጇን አወጣች። ፊታውራሪውን ጠየቀችው። አህያዋ ቤቷ ደርሳ ሰውየው እስኪመጣ ድረስ ምን በላች አለችው። እሱም ሳያስብ፣ አገልጋዮቹ ያበሏታል አለ። ልጅቱ ግራ ተጋባች። ሰውየው ብቻውን ነው የሚኖረው፣ አገልጋይ የለውም አለችው። መነጽር ያደረገው ደራሲ መነጽሩን አወለቀ። ያስተማርኳቸው ልጆች በሙሉ ዞረው እኔን ያዩኝ ጀመር፤ አንዳቸውም አፋቸውን አልከፈቱም፣ እንደተባሉት። ፊታውራሪውም አየኝ።

ያኔ ዝም ብል ኖሮ ነገሩ ራሱ ይወጣ ነበር። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ግን ትልቅ ሰው በአደባባይ ሲያፍር ማየት አልለመድኩም፤ እንዲያ ነው ያሳደጉኝ። ከቆምኩበት ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ የቤቱ ክዳን ሣር ነበርና እሱን በላች፣ ሰውየው ሲመለስ አህያዋን አገኘ፣ ጣሪያውን ግን አጣ አልኩ። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ሴትየዋ ደራሲም ከልቧ ሳቀችና፣ ይህ በሚቀጥለው ኅትመት መግባት አለበት ብላ ለፊታውራሪው ነገረችው። ይገባል አላት። በዚያች ቅጽበት የፈጠርኩትንም ወሰደው።

ስንወጣ ሴትየዋ አጠገቤ መጥታ የፊታውራሪውን መጽሐፍ ልብ ብዬ በማንበቤ አመሰገነችኝ። ከዚያ፣ «እርስዎስ ምነው አይጽፉም?» አለችኝ። በቅንነት ነው የጠየቀችኝ። ማስተማር ጊዜ አይሰጥም አልኳት።

ወደ ቤት ስንሄድ አባየ በየመንገዱ ሰላም የሚላቸውን ሰው ለማመስገን ይቆሙ ነበር። በደስታ አሥር ዓመት ቀንሰዋል። በሩን ዘግቼ ገና ነጠላዬን ሳላወልቅ ጠየቅኋቸው።

«አባየ፣ ይህን መጽሐፍ ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኛ» አሉ፣ እየሳቁ።

«ከምን ላይ?»

«ካንች ደብተር።»

«ስሜን አላዩም?»

«አየሁት እንጅ። የደብተሩ ባለቤት አንች አይደለሽም?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። የዛሬ መጽሐፍ ልባሱ ላይ የሚጻፈው ያሰበው ሰው ስም እንደሆነ፣ አህያዋን ያሰብኳት እኔ እንደሆንኩ፣ ከተማው ሁሉ ለሌላ ሰው እንዳጨበጨበ። አባየ ተረቶቹን የልጆች ጨዋታ፣ ከዚህም ከዚያም ሰምቼ የለቀምኳቸው ነበር የመሰሏቸው። ሰው ተረት ይፈጥራል ብለው አስበው አያውቁም። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም።

«ዕድሜዎን ሙሉ የሰው ስም ሲጽፉ ኖረው» አልኳቸው፣ «የልጅዎን ስም አንድ ጊዜ መጻፍ አቃተዎት።»

አባየ መጻሕፍቱ የት እንደሚቀመጡ ጠየቁኝ። በቁጣዬ፣ ለሽልማት ተብለው ዳይሬክተሩ ቢሮ ተደርድረዋል አልኳቸውና ወደ ጓዳ ገባሁ።

በማግስቱ ትምህርት አልነበረም። ዳይሬክተሩ እንግዶቹን ይዞ ቤተ መንግሥቶቹን ሲያስጎበኝ ዋለ። ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ እየሮጠ መጣና አባትሽን ነይ ውሰጃቸው አለኝ። ጠዋት መጽሐፍ ላርም ብለው ሲመጡ፣ እሳቸውን ማን ይከለክላል ብሎ ቢሮውን ከፍቶላቸዋል።

ወለሉ ላይ ነበሩ። በግራና በቀኝ መጻሕፍቱ ተከምረዋል፣ ካራቸውና ቀይ ቀለማቸው ጭናቸው ሥር ነው። የብራና መጽሐፍ በሽያጭ ወይም በውርስ እጅ ሲለውጥ የቀድሞው ባለቤት ስም በካራ ይፋቅና በቦታው የአዲሱ ይጻፋል። አባየ ይህን በዕድሜያቸው ስንት ጊዜ እንደሠሩት እግዜር ይወቀው፤ ብራና ወፍራም ነው፣ ይችላል። ወረቀት ግን አይችልም። የመጽሐፉ ልባስ በተፋቀበት ሁሉ ተቀዶ፣ ከአህያዋ እግር ሥር ቀዳዳ ሆኗል። ሳይቀደድ የተረፈው ላይ ስሜን በቀይ ለመጻፍ ሞክረዋል፤ ቀለሙ እየሰረገ ተንዘራፍቶ ፊደል መሆኑም አይለይም። አንዱ ሲበላሽባቸው ሌላውን እያነሡ፣ ሲበላሽ ሌላውን እያነሡ፣ ከግማሽ በላይ ፈጅተዋል።

«ይህ ነገር ሥጋ የለውም» አሉኝ፣ ልባሱን በጣታቸው እየዳበሱ። «ቀስ ብየ ነበር እኮ።»

አቅፌ አነሣኋቸው። ትናንት የተናገርኩትን መመለስ ፈለግሁ፣ አልቻልኩም። ጣቶቻቸው ቀይ ነበሩ፤ ቤት ወስጄ አጠብኳቸው።

በሦስተኛው ቀን ዳይሬክተሩ ቢሮ አስጠራኝ። ፊታውራሪውም ተቀምጧል። ዳይሬክተሩ ስለ ትምህርት ቤት ንብረት፣ ስለ ፖሊስ፣ ሹም ስለመድፈር ብዙ አወራ። ፊታውራሪው የተቀደደውን መጽሐፍ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቀዳዳውን ያይ ነበር። እሱ አልተቆጣም፣ ተሰብሯል። የሰው ስም ከመጽሐፍ የሚፋቀው ሲሞት ወይም ሲደኸይ ነውና።

«ስሜን የፋቁት ምን ሆኜ ነው?» አለኝ። «ሞቼ ነው?»

ዳይሬክተሩ ወረቀት አዘጋጅቶ ነበር። አባቴ በእርጅና ምክንያት አእምሯቸው በመድከሙ ይህን ድርጊት እንደፈጸሙ፣ መጽሐፉም የፊታውራሪው ድርሰት መሆኑን እኔ ልጃቸው አውቄ እንደማረጋግጥ ይላል። ከፈረምሽ ነገሩ እዚህ ያልቃል፣ ካልፈረምሽ ሽማግሌው ጣቢያ ይቆማሉ አለኝ። ፊታውራሪውን አየሁት። መሬት መሬት ያይ ነበር። አንዲት ቃል ቢናገር ይበቃ ነበር፤ አልተናገረም። እኔም ብዕሩን ተቀብዬ ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩ።

ቤት ስገባ አባየ ከመደቡ ላይ ሆነው ይጠብቁኝ ነበር። ምን አሉሽ አሉኝ። ይቅር ብለዋል አልኳቸው። ስምሽንስ ይጥፉታል ወይ አሉኝ። በሚቀጥለው ኅትመት ይጻፋል አልኳቸው። ፊታቸው በራ፣ አመኑኝ።

ከዚያ በኋላ አባየ ለስድስት ወር ያህል ኖሩ። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ፣ ዕድር ላይ፣ ሰርግ ቤት፣ ያገኙትን ሰው ሁሉ ያን የአህያ መጽሐፍ የደረሰችው ልጄ ናት፣ ስሙን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ ይሉ ነበር። ምሎ የሚናገር ሰው አልነበሩም፤ ለዚህ ግን ይምሉ ነበር። የሚሰሟቸው ሰዎች ራሳቸውን እየነቀነቁ እሺ አባባ ይሏቸዋል። አእምሯቸው እንደደከመ በልጃቸው ፊርማ የተረጋገጠበት ወረቀት እንዳለ ከተማው ሁሉ ሰምቷል።

አንድ ቀን ቀሐ መንገድ ላይ አብረን ስንሄድ ለአንዲት ጎረቤታችን ነገሯት። ሴትየዋ አዳምጣቸው ስታበቃ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ አይዞሽ፣ ዕድሜ ነው፣ ሁላችንም ጋ ይመጣል አለችኝ። አባየ መልሴን እየጠበቁ ፊቴን ያዩ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ አልኳትና ክንዳቸውን ይዤ አለፍን።